ማብራሪያ የማይፈልግ ዕቃ፦ ለመርሳት ሕመም መንከባከቢያ የሚገዙ ማነቃቂያዎች ግምገማ

የመርሳት ሕመም ወይም ዲሜንሺያ ያለባቸው አረጋውያን በሚኖሩበት መንከባከቢያ የማነቃቂያ ዕቃዎችን ቁም ሳጥን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ማሸጊያው በወጉ ያልተቀደደ ፐዝል፣ ባትሪው ያለቀ አሻንጉሊት፣ ቻርጀሩ የጠፋ ታብሌት። ገንዘቡ ወጥቷል። ነዋሪዎቹ ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይደባብሳሉ። የጎደለው ዕቃ አይደለም፤ ዕቃው የተመረጠው በገዢው ዓይን እንጂ በተጠቃሚው እጅ ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ እዚህ የቀረቡት ሁሉ የሚመዘኑት በአንድ ወንፊት ነው። ዕቃውን ሰውየው ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ምንም አትናገሩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። እጃቸው ወደ ዕቃው ከሄደ ያዋጣል። ዕቃውን አይተው ወደ ተንከባካቢው ቀና ካሉ አንድ ጊዜ ሠርቶ ማሳየት ይበቃ ይሆናል። ሦስት ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ የሚጠይቅ ከሆነ ግን የትኛውም ሽልማት ቢለጠፍበት አይግዙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዋነኛው የመርሳት ሕመም ዓይነት የሆነው አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው መመሪያ ሁለተኛው ሳይደርስ ይጠፋል። ማጠፍ፣ መጥረግ፣ ማሰርና መፍታትን የመሳሰሉ እጅ የለመዳቸው ሥራዎች የተቀመጡት ሌላ ቦታ ስለሆነ ብዙ ቆይተው ነው የሚሄዱት። ጥሩ ዕቃ የሚያናግረው ያንን እጅ ነው።

ከሁሉም ቀድሞ መገዛት ያለበት ቀላል የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ቀላል ሲባል በእርግጥም አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክዳናቸው ሲነሣ ይጀምራሉ፣ ሲከደን ያቆማሉ፤ ድምፁና የዘፈን መጫኛው ተሸፍኖ ከኋላ ነው፤ ነዋሪው በስህተት የሚነካካው ነገር የለም። ስልክ ወይም ታብሌት ይህን ሥራ አይተካም። በነጻ የሚያጫውቱት መተግበሪያዎች በዘፈኑ መሐል ማስታወቂያ ያስገባሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ የነበሩ ሰው ድንገት የማያውቁት ሰው ጆሯቸው ላይ ሲጮህ ይደነግጣሉ፣ ማዳመጫውን አውልቀው ይጥላሉ፣ በማግስቱም አላጠልቅም ይላሉ።

ማጫወቻው ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ የዘፈኑ ዝርዝር ነው። «የአረጋውያን ሙዚቃ» ተብሎ ተጭኖ የሚመጣው ስብስብ ዋጋ የለውም። ሰው አጥብቆ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው ድረስ የሰማውን ነው፤ ስለዚህ የልደቱን ዓመት ይዞ ወደፊት መቁጠርና ቤተሰብ መጠየቅ ያስፈልጋል። የምትጠይቁት «ምን ይወዱ ነበር?» ብላችሁ ሳይሆን «ሥራ ሲሠሩ ምን ያንጎራጉሩ ነበር? በሠርጋቸው ምን ተዘፈነ? የሃይማኖት ዝማሬ ያውቃሉ?» ብላችሁ ነው። ከ15 እስከ 20 ዘፈን ለመጀመሪያ ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ተንከባካቢው አጠገባቸው ተቀምጦ እያንዳንዱ ዘፈን ሲመጣ እግራቸውን፣ ከንፈራቸውንና ግንባራቸውን ይይ። እግር ከተንቀሳቀሰ ይቆይ፤ ግንባር ከተቋጠረ ይውጣ። እንባ ብቻውን ማውጫ ምክንያት አይደለም፤ እያለቀሱ አብረው የሚያዜሙ አሉ። እያለቀሱ ለመነሣት የሚታገሉ፣ ሰው የሚጣሩ ከሆነ ግን ያ ዘፈን ይሰረዝ።

ማዳመጫው ጆሮን ከላይ የሚሸፍን ይሁን፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ዓይነት ይጠፋል፣ ወደ አፍም ይገባል። የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርጉ ሰው ላይ ማዳመጫ ሲደረብ መሣሪያው ያፏጫል፤ ለእነሱ ትንሽ ስፒከር ትራስ አጠገብ ማድረግ ይሻላል። የድምፁን ጣሪያ ሠራተኛ ይወስን፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው ዘፈኑን ለይቶ ከሰማው በዝቷል ማለት ነው። ጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ሰዓቱም ከአስቸጋሪው ሰዓት በፊት ይሁን፤ ገላ ከመታጠባቸው በፊት፣ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቁነጥነጥ ከሚጀምሩበት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ። ረብሻው ከተነሣ በኋላ ማዳመጫ ማጥለቅ ትግል ነው። የዚህ ዕቃ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ደግሞ ስለሠራ ነው፦ ጸጥ ብለዋል ተብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይተዋሉ። ያኔ ማነቃቂያ መሆኑ ቀርቶ ከሰው መለያ ይሆናል።

ሁለተኛው ከሁሉም ርካሹ ነው። በሹራብ ክር የተሠራ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ እጅን ከግራና ከቀኝ የሚያስገቡበት እጅጌ መሰል ነገር፤ ርዝመቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከውስጥም ከውጭም ዚፕ፣ ትልልቅ አዝራር፣ ጥብጣብ፣ ሻካራና ለስላሳ ጨርቅ የተሰፋበት። ልብሳቸውን የሚጎትቱ፣ የአልጋ ልብስ የሚያፍተለትሉ፣ በሆስፒታል ደግሞ የደም ሥር መርፌያቸውን የሚነቅሉ ሰዎች እጅ እዚህ ውስጥ ሥራ ያገኛል። ከላይ ያለውን የሁለት ደቂቃ ፈተና ከማንኛውም ዕቃ በተሻለ የሚያልፈው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እጅ ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ዚፑ ራሱ ይነግረዋል።

ገበያ ላይ ያለው ጥራት ግን እጅግ ይለያያል። ሲገዙ ወይም በበጎ ፈቃድ ተሠርቶ ሲመጣ እንዲህ ይፈተሽ፦ እያንዳንዱን ተለጣፊ በሁለት ጣት ይዘው በሙሉ ጉልበት ይጎትቱ፤ ከላላ አይቀበሉት። በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ዶቃም ሆነ አዝራር ተላቆ ቢመጣ ሊያንቅ ይችላል። ጥብጣብ ከአንድ ስንዝር አይርዘም፣ ጣትም ሊታሰርበት አይገባም። ድምፅ የሚያወጣ ጌጥ ካለበት ውስጡ ክብ የሰዓት ባትሪ እንዳይኖር ተጠንቀቁ፤ ያ ባትሪ ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል። አምስት ወይም ስድስት ተለጣፊ በቂ ነው፤ አሥራ አምስት የተደረደረበት ለሻጩ ፎቶ ያምራል እንጂ እጅ የት እንደሚጀምር ያጣል።

እጥበቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ይጨማደድና እጅ የማያስገባ ድንጋይ ይሆናል፤ አክሪሊክ ክርም በከፍተኛ ሙቀት ቅርጹን ያጣል። 60 ዲግሪ የሚችል የጥጥ ክር ይመረጥ። እጅጌው የአንድ ሰው ነው፤ ስም ይሰፋበት፣ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። ለአንድ ሰው ሁለት ቢሆን አንዱ ሲታጠብ አንዱ አለ፤ አለበለዚያ በእጥበት ቀን የሚቆጣው እጅ የሠራተኛውን ክንድ ይጨብጣል።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀውን እንመልከት፦ ሮቦቶቹን። ፓሮ በጃፓን ተመራማሪ ታካኖሪ ሺባታ የተሠራ፣ ነጭ ፀጉር ያለው የባሕር አቆስጣ ግልገል የሚመስል ሮቦት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ፣ በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንደ ሕክምና መሣሪያ መድቦታል። መዳሰስን፣ ብርሃንን፣ ድምፅን፣ ሙቀትንና አያያዝን የሚለዩ ጠቋሚዎች አሉት፤ ሲደባብሱት አንገቱን ያነሣል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ በስሙ ሲጠሩት ዞር ይላል። ለምን ድመት ወይም ውሻ እንዳልሆነ ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። ድመት ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ሮቦቱ ትንሽ ከሳተ «ይሄማ ድመት አይደለም» ይባላል። የአቆስጣ ግልገል ያቀፈ ሰው ግን ጥቂት ስለሆነ የሚያወዳድር የለም።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 28 መንከባከቢያዎችንና 415 ሰዎችን ይዞ ሦስት ነገር አወዳድሯል፦ ፓሮን፣ ሮቦትነቱ የጠፋበትን ያንኑ ፓሮና የተለመደውን እንክብካቤ። ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ 15 ደቂቃ። በቪዲዮ ሲታይ፣ ፓሮ ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ ደስታን ጨምሯል፣ መቁነጥነጥንም ቀንሷል፤ ከጠፋው ፓሮ የበለጠው ግን በማናገርና በማየት ብቻ ነው። ሠራተኞች በሚሞሉት የመቁነጥነጥ መለኪያ ደግሞ በሦስቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ከዚህ የምንወስደው፦ ለስላሳ ነገር ታቅፎ መደባበስ ብቻውን የሥራውን ትልቅ ክፍል ይሠራል። ፓሮ እጅግ ውድ ነው። ገንዘቡ ያለውና አንድ ሠራተኛ 15 ደቂቃ አብሮ የሚቀመጥበት ቤት ይግዛው፤ ሠራተኛ የሌለው ቤት ግን በውድ ዋጋ ለስላሳ አሻንጉሊት ገዛ ማለት ነው።

ለተጠቃሚ የማይነገሩ ችግሮችም አሉት። ክብደቱ 2.7 ኪሎ ነው፤ ጭናቸው በቀጠነ አረጋዊት ላይ ያለ ትራስ ከተቀመጠ ያማል፣ ይገፉታልም፤ ሠራተኛው ግን «አልወደዱትም» ብሎ ይመዘግባል። ፀጉሩ ጀርም እንዲከላከል የተሠራ ቢሆንም ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አይገባም፤ በሚያጸዳ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ተላላፊ ሕመም በገባ ሳምንት ከሰው ወደ ሰው አይዙር። ሁልጊዜም ሌላ ክፍል ውስጥ በርቶ፣ እየተንቀሳቀሰ ይምጣ። ፊታቸው ላይ ማብሪያው ሲፈለግ እንስሳው ማሽን ይሆናል።

ርካሾቹ የድመትና የቡችላ ሮቦቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ሃስብሮ በተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ነው ወደ ገበያ የገቡት። ድመቷ ታንኮራፋለች፣ ትነቃለች፣ ጀርባዋን ሲደባብሷት ወደ ጎን ትገለበጣለች። «ሲ» በሚባል መጠን በአራት ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ለዋጋዋ ጥሩ ናት፤ ለአንድ ሰው አንድ መስጠትም ያስችላል፣ ለፓሮ የማይታሰብ ነገር። ነገር ግን የሞተሯ ድምፅ ጸጥ ባለ ክፍል ይሰማል፣ አንዳንድ ሰውም ያስፈራል። ትልቁ ጣጣ ባትሪው ሲያልቅ ነው። እጃቸው ውስጥ እያለች ጭጭ ስትል «ሞተች» ብለው የሚያለቅሱ አሉ፤ ሠራተኛው ሮጦ መጥቶ ሆዷን ገልብጦ በካቻቢቴ ሲከፍትማ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ባትሪ በቀን መቁጠሪያ ይቀየር፣ ከክፍሉ ውጭ ይቀየር፣ ድንገት ካለቀም «ተኝታለች፣ ልውሰዳትና ትረፍ» ብሎ ይዞ መውጣት ነው። «እውነተኛ ናት እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ አትዋሹ፣ አትከራከሩም፤ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ይበቃል። ብዙዎች አሻንጉሊት መሆኗን እያወቁም ያቅፏታል። እንስሳ የሚፈሩ ወይም የሚጸየፉ ሰው ላይ ግን በፍጹም አይሞከር፤ የሕይወት ታሪካቸውን ሳያነቡ ጭን ላይ ማስቀመጥ ድፍረት ነው።

ከጣሪያ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ የሚንቀሳቀስ የብርሃን ምስል የሚጥለው ቶቨርታፈል የተባለ መሣሪያ በኔዘርላንድስ ዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በተመራማሪዋ ሄስተር ለ ሪሽ ጥናት የተጀመረ ነው። ቅጠል ይበትናል፣ አበባ ያወጣል፣ ኳስ ያንከባልላል፤ እጅ ሲዘረጋ ቅጠሉ ይጠረጋል። ዝም ብለው ለሚቀመጡ፣ ምንም ነገር ለማይጀምሩ ሰዎች ይህን ያህል እጅ የሚያዘረጋ ዕቃ ብዙ የለም፤ የሁለት ደቂቃውንም ፈተና በጥሩ ሁኔታ ያልፋል። የሚበላሸው በገጠማው ነው። ጠረጴዛው ነጭ እና የማያብረቀርቅ መሆን አለበት፤ በቡናማ እንጨት ላይ ቅጠሉ አይታይም፣ በሚያብለጨልጭ ላይ ደግሞ ዓይን ይወጋል። በመስኮት ፀሐይ የሚገባ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ምስሉ ይደበዝዛል። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ዙሪያውን ይቀመጥ፤ ከዚያ ከበለጠ ከኋላ ያለው ተመልካች ብቻ ነው። ምስሉ ወለል ላይ እንዲወድቅ አታድርጉ። ወለል ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ለመሻገር እግር ያነሣ አረጋዊ ይወድቃል።

የእጅ ሥራ ሳጥኖች በሚባሉት ላይ ግን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። መነሻው ካሜሮን ካምፕ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሕፃናት ማስተማሪያ የሆነውን የሞንቴሶሪን ዘዴ ለዲሜንሺያ ያመጡበት አሠራር ነው፦ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በማሳየት እንጂ በመንገር አይደለም። 30 በ40 ሴንቲሜትር በሆነ ጣውላ ላይ አራት ወፍራም ብሎኖች ከሥር ይታሰሩና ዳዶአቸው ብቻ የሚፈታና የሚታሰር ይሁን፤ በጎን አንድ ሳህን። ዕድሜውን በጋራዥ ያሳለፈ ሰው ፊት አስቀምጡትና እጁን ተመልከቱ፦ አውራ ጣቱ ዳዶውን ያገኘዋል፣ የብሎኑ ጥርስ መያዙን ሳያይ ያውቃል፣ ሲጠብቅም በሌባ ጣቱ ጫፍ አንዴ ነካ አድርጎ ያረጋግጣል። ስሙን የረሳ ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። ዳዶው ከመጠን በላይ ትንሽ ከሆነ ይዋጣል፣ ዝገት ካለው ይናደዱበታል፤ የጥርሱ መጠን የተለያየ ሁለት ዓይነት ብሎን ከተቀላቀለ ደግሞ አልገባ ሲል ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ያደርጉታል። ሁሉም አንድ መጠን ይሁን፤ ልዩነቱ በኋላ ይመጣል።

ፎጣ ማጠፍም እንዲሁ ነው። 12 ትንንሽ ፎጣ፣ ባዶ ቅርጫት በቀኝ፣ ሙሉ ቅርጫት በግራ። ጠረጴዛው ነጭ ከሆነ ፎጣው ባለ ደማቅ ቀለም ይሁን፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታያቸውም። ግብዣው ልምምድ አይምሰል፤ «እባክዎ ያግዙኝ፣ እነዚህ በዝተውብኝ ነው» ይበቃል። ሲጨርሱ አመስግኖ ቅርጫቱን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። እዚያው ፊታቸው በትኖ «እንደገና» ማለት ስድብ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ቤት ቁጥር ሥፍር የለውም።

በውኃ ብቻ የሚሳለው ሰሌዳም ያዋጣል፦ ብሩሽ ሲነካው ሥዕሉ ይወጣል፣ ሲደርቅ ይጠፋል፤ ስህተት የሚባል ነገር የለውም። ውኃው ንጹሕ ይሁን እንጂ፣ ይጠጡታልና። ፐዝል ሲገዙ ለቀላል ደረጃ 35፣ ለገፋ ደረጃ 12 ቁራጭ አካባቢ ይበቃል፤ ሥዕሉ የአዋቂ ሥዕል ይሁን። ካርቱን የታተመበት የልጆች ፐዝል የ80 ዓመት ሰው ፊት ማቅረብ ከባዶ ጠረጴዛ ይብሳል።

አሻንጉሊት ሕፃን ብዙ ያከራክራል። ለአንዳንዶች፣ በተለይ ልጅ አሳድገው ለኖሩ፣ ዕረፍት ነው። እጃቸው ላይ አታስቀምጡ፤ ወንበር ላይ ትታችሁት እሳቸው ካነሡት ያንሡት። ቤተሰብ ሳያውቅ በር ከፍቶ ሲገባ እናቱን አሻንጉሊት ታቅፋ ካገኘ ቁጣው ትክክል ነውና ቀድሞ ይነገር። ብርሃን የሚቀያይሩ የአረፋ ቱቦዎችና ባለ ቀለም መብራቶች የሞሉበት የስሜት ሕዋሳት ክፍል ግን የሚመከረው ሌላውን ሁሉ ላሟላ ቤት ብቻ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድስ ለአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ተጀምሮ ነው ወደ አረጋውያን የመጣው። የቱቦው ውኃ በየጊዜው ካልተቀየረ ይሸታል፣ ክፍሉም በዓመቱ የተሽከርካሪ ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል።

ዕቃ ያልሆነ ነገር ግን በዚህ ሚዛን ላይ መቀመጥ ይገባዋል፦ አእምሮ ማነቃቂያ የቡድን ፕሮግራም። እ.ኤ.አ. በ2003 በ201 ሰዎች ላይ የተፈተነው ዓይነት 14 ክፍለ ጊዜ ያለው፣ በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ ለቀላልና ለመካከለኛ ደረጃ። በማስታወስ ፈተናም በኑሮ ጥራትም ብልጫ አሳይቷል። የሠለጠነ መሪና ጸጥ ያለ ክፍል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያልሠለጠነ ሰው ሲመራው ወደ ጥያቄና መልስ ይለወጣል፤ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» እየተባሉ መልስ ያጡ ሰዎች በሦስተኛው ቀን አይመጡም። ጥሩ መሪ የሚጠይቀው «የቱ ይሻላል፣ ለምን?» ብሎ ነው፤ ለሐሳብ ስህተት የለውምና።

ለመግዛት ያሰበ ቤት ሻጩን የሁለት ሳምንት ሙከራ ይጠይቅ፤ የማይፈቅድ ሻጭ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ያውቀዋል። በሙከራው ጊዜ አንድ ገጽ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ደቂቃ ያዘው፣ እንዴት ተወው። የመጨረሻው ዓምድ ነው የሚነበበው። «ጥሎት ሄደ»፣ «ተኛ»፣ «ለጎረቤቱ ሰጠው»፣ «ሲወሰድበት ተቆጣ» እያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር ይናገራሉ። የተቆጡለት ይገዛል። የተኙበት ወደ ማታ ይዛወርና እንደገና ይሞከር። ለጎረቤት የተሰጠው ደግሞ ሁለት ሆኖ ይገዛል።